የመዝናኛ ትኬት ሲወደድ፦ ዝርፊያውን ከውድነቱ እንዴት እንለያለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ውስጥ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ እየተመለከትሁ ሳለ መደበኛው ዘጠና ደቂቃ በአቻ ውጤት ተጠናቀቀ። ተጫዋቾቹ ለጭማሪ ሰዓት ሲዘጋጁ፣ በር ላይ ሂሳብ የሚቀበለው ወጣት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አድርጎ በአግዳሚ ወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ ከእያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ብር ይሰበስብ ጀመር። ምክንያቱን ስንጠይቀው «ሰዓቱ ጭማሪ ነው፤ ሂሳቡም ጭማሪ አለው» ሲል መለሰልን። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያባራም ሁሉም ከፈለ።

በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ድምፃዊ የሚያቀርበው ኮንሰርት ማስታወቂያ በየአደባባዩ ተለጥፎ ነበር፤ የመግቢያው ዋጋ ባለፈው ዓመት ከነበረው ተመሳሳይ ዝግጅት በእጥፍ ይበልጣል። በየሻይ ቤቱ «ይህማ ዝርፊያ ነው» ሲባል የሰማሁት ስለ ኮንሰርቱ እንጂ ስለ ሃያ ብሯ አልነበረም። እኔ ለዓመታት በሂሳብ ሥራ ላይ የቆየሁና ለጥቂት የመድረክ ዝግጅቶችም መዝገብ የያዝሁ ሰው እንደመሆኔ ፍርዱ የተገለበጠ ሆኖ ይታየኛል። ሃያ ብሯ ዝርፊያ ነበረች፤ የኮንሰርቱ ትኬት ግን ውድ ነበር እንጂ ዝርፊያ አልነበረም። ከዚህ በታች የማቀርበው አንድ የድሬዳዋ ወይም የሐረር ነዋሪ የመግቢያ ዋጋ ጨምሮ ሲያገኘው፣ ከመክፈሉም ከመቆጣቱም በፊት ነገሩን እንዴት መርምሮ ሊፈርድ እንደሚችል ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን ማጥራት

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ተወደደ» እና «ተዘረፍን» የሚሉትን ቃላት አንዱን በሌላው እየተካን እንጠቀምባቸዋለን። በሕግ ዓለም ግን አላግባብ ዋጋ ማናር የሚባለው ነገር ጠበብ ያለ ትርጉም አለው። ለምሳሌ የአሜሪካዋ የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1979 በዚህ ጉዳይ ላይ ሕግ ስታወጣ ዒላማ ያደረገችው በችግር ጊዜ በአስፈላጊ ሸቀጦች ላይ የሚደረገውን ጭማሪ ነበር። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የምግብ፣ የነዳጅ፣ የማደሪያና የመሳሰሉት አስፈላጊ ነገሮች ዋጋ ከአዋጁ በፊት ከነበረው ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ይከለክላል፤ ሻጩ ወጪው በእርግጥ መጨመሩን ካስረዳ ግን የተለየ ነው። ሁለቱም ሕጎች ሁለት ሁኔታዎች እንዲሟሉ ይጠብቃሉ፤ አንደኛው ነገሩ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልግ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገዢው ሌላ አማራጭ በማያገኝበት ችግር ውስጥ መውደቁ ነው።

ነገሩን ወደ ከተማችን ብናመጣው ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት በወሰደ ማግስት አንድ ባለሱቅ የሻማን ወይም የመጠጥ ውሃን ዋጋ ሦስት እጥፍ ቢያደርግ ኖሮ ድርጊቱን ለመሰየም ማንም ባልተቸገረ ነበር። የኮንሰርት ትኬት ሲወደድ ግን ቤቱ የሚቀር ሰው ራት ይበላል፣ በረንዳው ላይ ይነፍስበታል፣ በማግስቱም በሕይወት ይነሣል። ተበድሮ የገባ ሰው ካለ አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይደርስበታል እንጂ ዘራፊ አላጋጠመውም።

የሀገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም የሚሄደው ከዚህ ባልራቀ መንገድ ነው። መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ዋጋ ሊተምን የሚችለው መሠረታዊ ተብለው በተለዩ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይ ነው፤ የኮንሰርት ወንበር ከእነዚህ ይቆጠራል ብሎ የሚከራከር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ አዋጁ ሌላውን ነጋዴ ልቅ አይለቀውም። ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ማስታወቂያ እንዳያወጣ ያስገድደዋል፤ ተፎካካሪዎች ተመካክረው ዋጋ እንዳይወስኑም ይከለክላል። ሸማቹም ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት ተሰጥቶታል። እንግዲህ ሕጉ የሚመለከተው ዋጋው ስንት ደረሰ የሚለውን ሳይሆን በምን መንገድ እዚያ ደረሰ የሚለውን ነው ማለት ይቻላል፤ የእኔም መመዘኛ ይኸው ነው።

ብሩን በፉል መለካት

የመጀመሪያው ሥራ የድሮውን ዋጋ ከአሁኑ ጋር በቁጥር ብቻ ከማወዳደር መቆጠብ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሸማቾች ዋጋ መረጃ ጠቋሚን በየጊዜው ስለሚያወጣ፣ ሠንጠረዥ ማንበብ የሚወድ ሰው የዛሬ ሦስት ዓመቱን ትኬት ወደ ዛሬ ብር መለወጥ ይችላል። እኔ ግን ለወዳጆቼ የምመክራቸው መለኪያ በየማለዳው የሚያገኙትን ነው። ያኔ የኮንሰርቱ ትኬት ስንት ሳህን ፉል ይገዛ ነበር? ዛሬስ ስንት ይገዛል? ያኔ አሥር ሳህን ይገዛ የነበረው ዛሬም አሥር ወይም አሥራ አንድ ሳህን የሚገዛ ከሆነ ትኬቱ አልተወደደም፤ የረከሰው ብሩ ነው። ዛሬ ሃያ ሳህን የሚገዛ ከሆነ ግን በእርግጥ ተወዷል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድም ተገቢ ይሆናል። ፉል የማይወድ ሰው የባጃጅ ኮንትራት ወይም የአንድ ቀን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ሊወስድ ይችላል፤ ዋናው ነገር መለኪያውን መሀል ላይ አለመለወጥ ነው።

ይህን መለኪያ ሳንይዝ የምንፈርድ ከሆነ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የነበረን ትኬት ከዚያ በኋላ ከመጣው ጋር እያወዳደርን እንሳሳታለን። በዚያ ወር መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ድምፅ ማጉያው፣ መብራቱ፣ ኬብሉ፣ የጄኔሬተሩ መለዋወጫ ሁሉ በዶላር የሚገዛ ነው። የዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት ባለቤትም ቢሆን ዲኮደሩና ቴሌቪዥኑ ሀገር ውስጥ አልተሠሩለትም።

የአዘጋጁን ሂሳብ በግምት መሥራት

ሁለተኛው ሥራ ራስን በአዘጋጁ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሂሳቡን መሥራት ነው። ለዚህ የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የወሰድኋቸው ናቸው።

ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ ግቢ አለ እንበል። ለድምፃዊውና ለባንዱ 900 ሺህ ብር፣ ለድምፅና ለመብራት መሣሪያ ኪራይ እንዲሁም ከአዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ አስጭኖ ለማምጣትና ለመመለስ 350 ሺህ፣ ለግቢውና ለመድረኩ 200 ሺህ፣ ለሃያ አምስት ሰው ማደሪያና ምግብ 150 ሺህ፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለጄኔሬተር ናፍጣ 120 ሺህ፣ ለማስታወቂያና ለትኬት ኅትመት 130 ሺህ ብር ይወጣል ብለን ብንገምት ድምሩ አንድ ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ይሆናል። ጠንቃቃ አዘጋጅ ግቢው እስከ አፉ ይሞላል ብሎ አያሰላም፤ ከሁለት ሺሁ 1,400 ትኬት ቢሸጥ ወጪዬን እመልሳለሁ ብሎ ያስባል። ወጪውን ለ1,400 ስናካፍል አንድ ትኬት 1,321 ብር ከሣንቲም ይደርሳል። አዘጋጁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ 15 በመቶ ሲታከልበት ወደ 1,520 ብር ይጠጋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አዘጋጁ ገና አንድ ሣንቲም አለማትረፉን ነው።

አሁን በዚሁ በ1,520 ብር ሁለቱም ሺህ ትኬት ቢሸጥ ታክሱ ተቀንሶ ወደ 793 ሺህ ብር ትርፍ ይቀራል። አንድ ሺህ ሰው ብቻ ቢመጣ ደግሞ ወደ 528 ሺህ ብር ኪሣራ ይሆናል። የመድረክ ዝግጅት ሂሳብ ባሕርይው ይህ ነው፤ ወጪው አንድ ሰው ቢመጣም ሁለት ሺህ ቢመጣም ቀድሞ ወጥቷል፣ ገቢው ግን በአንድ ምሽት ዝናብና በአንድ የመብራት መቋረጥ ይወሰናል። እኔ መዝገብ በያዝሁለት አንድ ዝግጅት ላይ ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዶፍ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አላባራ ብሎ፣ በር ላይ ይሸጣሉ ተብለው የተጠበቁት ትኬቶች ከነካርቶናቸው ወደ ቢሮ ተመለሱ። አዘጋጁ በማግስቱ ናፍጣውን ለባለ ጄኔሬተሩ በብድር ነበር የከፈለው። ይህን ካየሁ ወዲህ የተሞላ ግቢ አይቼ «ስንት ዛቀ!» ማለት ትቻለሁ።

ስሌቱን የሠራ ሰው የተጠየቀው ዋጋ ከራሱ ግምት ብዙም የማይርቅ ሆኖ ካገኘው ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ሦስት አራት እጥፍ ሆኖ ካገኘው ግን ሁለት ነገር ይመልከት። አንደኛው ስፖንሰር ነው፤ በማስታወቂያው ግርጌ የተደረደሩት የድርጅት አርማዎች ብዙ ከሆኑ የወጪው ከፊል በእነርሱ ተሸፍኗል ማለት ስለሆነ ግምቱ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ሁለተኛው የድምፃዊው ክፍያ ነው። በካሴት ዘመን ድምፃዊ ከመድረክ ሌላ የገቢ ምንጭ ነበረው፤ ዛሬ የካሴት ቤቶቹ ተዘግተው ብዙው ሙዚቃ በነጻ በስልክ ስለሚደመጥ እንጀራው መድረኩ ላይ ሆኗል። ከዚህም ሌላ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳመለከቱት፣ በፋብሪካ ያለ ሠራተኛ በማሽን እየታገዘ በአንድ ሰዓት የሚያመርተው ሲጨምር፣ ለአራት ሰው የተጻፈን ሙዚቃ ለመጫወት ዛሬም እንደ ጥንቱ አራት ሰውና ያንኑ ያህል ደቂቃ ያስፈልጋል። ክራር መቺው በእጥፍ ፍጥነት ቢመታ ዘፈኑ ይበላሻል እንጂ ወጪው አይቀንስም። ስለዚህ ማንም ሳይዘርፍ የመድረክ ዋጋ ከሌላው ሸቀጥ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል።

ዋጋው የተነገረው መቼ ነው?

ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ጥያቄ ይህ ነው። ገዢው ሙሉ ዋጋውን ያወቀው እምቢ ማለት በሚችልበት ሰዓት ነው ወይስ እምቢ ማለት በማይችልበት? የኮንሰርቱ ማስታወቂያ ከሦስት ሳምንት በፊት ተለጥፏል፤ የፈለገ ገዛ፣ ያልፈለገ ተወ። የዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቱ ወጣት ግን ጭማሪውን የጠየቀን ከፍለን ከገባን፣ ቦታ ከያዝንና ልባችን ከተሰቀለ በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ወጥቶ ሌላ ቤት የሚፈልግ ሰው እንደማይኖር እርሱም ያውቃል፤ የሃያ ብሩ ምንጭ የናፍጣ ወይም የዲኮደር ወጪ ሳይሆን ይህ ዕውቀት ነበር። በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ «ለጭማሪ ሰዓት 20 ብር ይጨመራል» ብሎ በጠመኔ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ምንም ነቀፋ ባልነበረኝ።

የውጭው ዓለም ትልልቅ ክርክሮችም ሲመረመሩ የሚያርፉት እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 መጨረሻ ኦኤሲስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ከረጅም ጊዜ በኋላ ለሚያቀርበው ኮንሰርት ትኬት ሲሸጥ፣ ሰዎች በኢንተርኔት ለሰዓታት ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ 150 ፓውንድ ገደማ ነው ያሉት የቁም ትኬት ከ350 ፓውንድ በላይ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ለመወሰንም የተሰጣቸው ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። የብሪታኒያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን ጉዳዩን መርምሮ ያተኮረው ዋጋው ለምን ከፍ አለ በሚለው ላይ አልነበረም፤ የቁም ትኬቶቹ በሁለት ዋጋ እንደሚሸጡና ርካሹ ሲያልቅ ውዱ እንደሚተካ ለተሰለፈው ሰው ቀድሞ በግልጽ አለመነገሩ ላይ እንጂ። ትኬቱን የሸጠው ድርጅትም ወደፊት እንዲህ ያለ የዋጋ ደረጃ ሲኖር ከሃያ አራት ሰዓት በፊት እንደሚያሳውቅ ግዴታ ገብቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትኬት ሻጮች የግድ የሚከፈሉ የአገልግሎት ክፍያዎችን መጨረሻ ላይ ከማምጣት ይልቅ ከመጀመሪያው ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ደንብ በሥራ ላይ አውሏል።

እኛ ዘንድ ይህ ችግር የሚመጣው ቀለል ባለ መልክ ነው። ማስታወቂያው «መግቢያ 800 ብር» ይልና በር ላይ «ታክሱ ለብቻው ነው» ይባላል፤ ወይም የቅድሚያ ሽያጭ ዋጋው በትልቁ ተጽፎ የበር ላይ ዋጋው ከነጭራሹ ሳይጻፍ ይቀራል። ትኬት ከመግዛትዎ በፊት «በዚህ ዋጋ ውስጥ ምን አለ፣ ምን የለም?» ብለው ይጠይቁ፤ በቴሌብር የሚከፍሉ ከሆነም የመጨረሻውን ድምር ሳያዩ የሚስጥር ቁጥርዎን አያስገቡ። ከቅድሚያው ይልቅ የበር ላዩ ዋጋ ከፍ ማለቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ አስቀድሞ የገዛው ሰው የአዘጋጁን ሥጋት ስለተካፈለ ቅናሽ ይገባዋል። «ጥቂት ትኬት ብቻ ቀርቷል» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ ትኬቱ በየሱቁ በክምር ተቀምጦ ሳለ በየቀኑ የሚነገር ከሆነ አሳሳች ማስታወቂያ ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይህን። የቪ.አይ.ፒ. ዋጋን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ሀብታሙ ከፊት ለመቀመጥ አምስት እጥፍ ከፈለ ማለት ከኋላ የቆመው ቀለል ያለ ዋጋ ከፈለ ማለት ሊሆን ይችላልና።

ከበሩ ወዲያ ያለው ውሃ

ስለ ትኬት የሚነሣው ጫጫታ የሚሸፍነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከበሩ ወዲያ ያለው ዋጋ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ግንቦትና ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም፤ ፀሐይ ከገባች በኋላም አስፋልቱ እንደ ምጣድ ሙቀቱን ሲመልስ ያመሻል። በአንድ እንዲህ ባለ ምሽት ከልጆቼ ጋር ወደ አንድ የመዝናኛ ግቢ ስንገባ ፈታሿ ከቦርሳዬ ሁለት የታሸገ ውሃ አውጥታ «ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው» ብላ ከአጥሩ ሥር ከተደረደሩት ጋር አኖረቻቸው። አጠገቧ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ጠርሙስ ቆሞ ነበር፤ አንዳንዱ ገና ከማቀዝቀዣ ስለወጣ ላብ አውጥቷል። ውስጥ ያለው ብቸኛ መሸጫ ያንኑ ውሃ የሚሸጠው በሱቅ ዋጋ ሦስት እጥፍ ነበር። ወጥቼ ገዝቼ ልመለስ ስል ደግሞ ትኬቱ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያስገባ ተነገረኝ። ትንሿ ልጄ ጠርሙሷን በአጥሩ ቀዳዳ በኩል እያየችው «አባዬ፣ የእኛ ውሃ እኮ እዚያ ነው» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ በሦስት እጥፉ ገዛሁ።

ቀደም ሲል ያነሣናቸው ሁለት ሁኔታዎች እዚህ ተሟልተዋል። ውሃ በዚያ ሙቀት ለሕፃን ልጅ የግድ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ አማራጩም በአጥርና በፈታሽ ተዘግቷል። እንዲያውም የችግሩ ሁኔታ እንደ ጎርፍ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በሻጩ እጅ የተሠራ በመሆኑ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ዝግጅት ሰውን እየዘረፈ መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው ትኬቱን ከማየቱ በፊት የውሃውን ዋጋ ይጠይቅ ብዬ እመክራለሁ። ቀድሞ መጠየቅ የሚገባቸውም ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ውሃ ይዞ መግባት ይፈቀዳል ወይ፣ ወጥቶ መመለስ ይቻላል ወይ፣ ውስጥ ያለው የዋጋ ዝርዝር የት ተለጥፏል። የብርጭቆ ጠርሙስ መከልከል የደኅንነት ምክንያት ስላለው ተገቢ ነው፤ የላስቲኩን ውሃ ከልክሎ ያንኑ የላስቲክ ውሃ ውስጥ መሸጥ ግን ከደኅንነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

የዋና ገንዳዎች ነገር ከዚህ ይለያል። በሙቀቱ ወራትና በቅዳሜና እሑድ መግቢያቸውን የሚጨምሩት የሰው ብዛት ስለሚጠብቃቸው ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት የሄደ ሰው በቅናሽ ይዋኛል። ዋጋው በር ላይ እስከተለጠፈ ድረስ እኔ ቅሬታ የለኝም።

አየር በአየር

ትኬቱን ከአዘጋጁ በጅምላ ገዝተው በዝግጅቱ ምሽት በር ላይ በእጥፍ የሚቸበችቡ ወጣቶች ላይ የሚሰነዘረው ቁጣ የሚገባኝ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አልካፈለውም። በኖርዌይና በአየርላንድ ትኬትን ከተጻፈበት ዋጋ በላይ መልሶ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በእንግሊዝ የእግር ኳስ ትኬትን ያለፈቃድ መልሶ መሸጥ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለው አየር በአየር ንግድ ለድምፃዊውም ለመድረኩም አንድ ብር አይጨምርም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በድሬዳዋ በር ላይ አሥር ትኬት ይዞ የቆመ ልጅ ዝግጅቱ ካልሞላ አሥሩንም ይዞ የሚያድር ነው። መጠየቅ ያለበት ትኬቱ ከየት እንደደረሰው ነው። የመደበኛ ትኬት ሽያጭ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን «አልቋል» ተብሎ፣ በዝግጅቱ ምሽት ግን በተከታታይ ቁጥር የታተሙ ትኬቶች በነጋዴዎቹ እጅ በብዛት ከታዩ፣ ከውስጥ የወጡበት በር አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ተጠያቂው ከፀሐይ በታች የቆመው ልጅ ሳይሆን ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠው ነው። ቁጥሮቹን ማየት ቀላል ነው፤ ሁለት ሦስት ትኬት ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር ይበቃል።

ለሐረር አንድ ነገር

ሐረር ውስጥ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ጅብ ትርዒቱ ነው። ምሽት ላይ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅቦች በእጅና በእንጨት ላይ ሥጋ ሲጎርሱ ለማየት የሚመጣ የውጭ ጎብኚ ከሀገር ልጅ የበለጠ ይከፍላል፤ በየሙዚየሙም እንዲሁ ሁለት ዋጋ ማየት የተለመደ ነው። ዝርፊያ ነው የሚሉ እንግዶች አሉ። ሁለቱ ዋጋዎች ቀድመው በግልጽ እስከተነገሩ ድረስ እኔ ይህን አልቀበልም፤ ቅርሱን ዓመቱን በሙሉ ጠብቆ የሚኖረው የከተማው ሰው ነውና ቅናሽ ቢደረግለት ነውር የለውም። ትርዒቱ ካለቀ በኋላ፣ ጨለማው በርትቶ ባጃጁም መብራቱን አብርቶ እየጠበቀ ሳለ፣ «ፎቶ ማንሣቱ ለብቻው ነው፣ የሥጋው ለብቻው ነው» እየተባለ የሚደመረው ሂሳብ ግን ከዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቷ ሃያ ብር የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሐረሬ ወይም ድሬዳዋዊ ሁሉን ያካተተውን ዋጋ ከባጃጁ ሳይወርድ ቢጨርስ ራሱንም እንግዳውንም ከኃፍረት ያድናል። የሐረሪዎች በዓል በሆነው በሸዋል ዒድ ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ ደግሞ የማደሪያን ዋጋ አስቀድሞ በስልክ ተነጋግሮና በጽሑፍ መልእክት አስልኮ መያዝ ይመረጣል።

አቤት ለማለት

ምርመራው ካለቀና ጉዳዩ በእርግጥ ጥፋት ሆኖ ከተገኘ አቤቱታው የሚቀርበው ለድሬዳዋ አስተዳደር ወይም ለሐረሪ ክልል የንግድ ቢሮ ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የሸማቾች ጥበቃ ጉዳይ ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተሰጥቷል። «ትኬቱ ተወደደ» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ሩቅ አይሄድም። ይልቁንም የተፈጸመውን ድርጊት በስሙ መጥራት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ «በማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈ 120 ብር በር ላይ ተጠይቄአለሁ»፣ «የዋጋ ዝርዝር አልተለጠፈም»፣ «ደረሰኝ ጠይቄ ተከልክያለሁ»፣ «ተሰርዞ የቀረ ዝግጅት ገንዘብ አልተመለሰልኝም» ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። የማስታወቂያው ፎቶግራፍ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ፣ የትኬቱ ጉራጅ፣ የቴሌብር መልእክቱ፣ ከተቻለም አብሮ የነበረ የአንድ ሰው ምስክርነት ይያያዙ። እኔ ለጭማሪ ሰዓቱ ሃያ ብር ደረሰኝ ስላልጠየቅሁ ዛሬ ከማውራት በቀር የማደርገው የለም።

ከማመልከቻው በፊት ግን አዘጋጁን ወይም የቤቱን ባለቤት ለብቻ ወሰድ አድርጎ በአክብሮት ማነጋገር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ በተለይ ሰው ተሰልፎ ከኋላ እየሰማ ከሆነ የበረኛው ድምፅ ይለሰልሳል። ይህ ካልሆነ ማመልከቻውን በማግስቱ ማስገባት ይገባል። ከሌላ ከተማ የመጣ አዘጋጅ መድረኩን ሌሊቱን ነቅሎ፣ መሣሪያውን በአይሱዙ ጭኖ፣ ጎህ ሳይቀድ የቁልቢን ዳገት ሊጀምር ይችላልና፤ በሳምንቱ ቢሮ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው በግንቡ ላይ የቀረውን ፖስተር ብቻ ነው።